ኮሄን ከአስከሬን የሚርቀው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኛ ዘንድ ቀብር ላይ ካህን ከጠፋ ጉድ ነው። ፍትሐቱን የሚያደርሰው፣ መስቀሉን ይዞ አስከሬኑ አጠገብ የሚቆመው እሱ ነውና። በአይሁድ ሕግ ግን ካህኑ፣ በዕብራይስጡ ኮሄን፣ ከአስከሬን እንዲርቅ ታዟል (ዘሌዋውያን 21)። ስህተቱ የሚጀምረው ሁለቱን በአንድ ቃል ከመጥራታችን ነው።

«ኮሄን የሃይማኖት መሪ ነው።» የአይሁድ የሃይማኖት መሪና መምህር ረቢ ነው። ረቢነት በትምህርት ይገኛል፤ ኮሄንነት ግን በልደት ነው። በአባቱ በኩል ከአሮን የሚወለድ ወንድ፣ ታክሲ ነጂም ይሁን ሐኪም፣ ኮሄን ነው። የቤተሰብ ስሙ ኮሄን መሆኑ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የቤተ እስራኤል ቄሶችም በትምህርትና በሹመት ስለሚቀስሱ፣ ቅስናቸው በረቢዎች ሕግ ኮሄን አያሰኛቸውም። እንዲያውም በቤተ እስራኤል መንደሮች አስከሬን የነካ ሁሉ፣ ገበሬም ቢሆን፣ ሰባት ቀን ተለይቶ ይቆይ ነበር።

«መርከስ ኃጢአት ነው።» በአማርኛ «ርኩስ» ስድብ ስለሆነ እንዲህ ይመስለናል። አስከሬን አጥበው የሚገንዙት ሰዎች በሕጉ ይረክሳሉ፤ ሥራቸው ግን ከታላላቅ ጽድቆች ይቆጠራል።

«ካልነካው ችግር የለም።» ዋናው ጣጣ መንካቱ ሳይሆን ጣሪያው ነው። በዘኍልቍ 19 መሠረት አስከሬን ባለበት ድንኳን የገባ ሁሉ ይረክሳል፤ ረቢዎቹም ድንኳኑን ሲተረጉሙ ርዝመቱና ስፋቱ አንድ አንድ ጋት (ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር) የሆነ፣ ከሥሩም የአንድ ጋት ክፍተት ያለው ማንኛውም ከላይ የሚሸፍን ነገር ነው አሉ። ስለዚህ ከመቃብር በላይ የተዘረጋ ወፍራም የዛፍ ቅርንጫፍም ሥሩ ለሚያልፈው ኮሄን ጣሪያ ይሆንበታል። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ርኩሰቱ በተከፈተ በር አልፎ በኮሪደሩ ወደ ሌላ ክፍል ይሻገራል። በእስራኤል አንዳንድ ሆስፒታሎች ሁለት በር አከታትለው የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ዝግ ይሆናል። በሜዳ ላይ ከመቃብር 4 ክንድ፣ ሁለት ሜትር ያህል መራቅ ይበቃል፤ 10 ጋት ከፍታ ያለው አጥር በመካከል ካለ ደግሞ 4 ጋት። ኮሄን የሆነ የሥራ ባልደረባችሁ ከለቅሶ አዳራሹ ውጭ ቆሞ ብታዩት ንቀት አይደለም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የክራኮቩ ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ ነገሩን እስከ አልጋ ድረስ ወስደውታል። ኮሄን ራቁቱን ተኝቶ ሳለ እዚያው ቤት አስከሬን ካለ፣ ምክንያቱን ሳትነግሩ ዝም ብላችሁ «ና ውጣ» በሉት፤ ለብሶ ይወጣል። ከነገራችሁት ግን ለመልበስ እንኳ መቆየት አይፈቀድለትም።

«ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ሕጉ ቀርቷል።» በ70 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ ወዲህ ከአስከሬን ርኩሰት የሚያነጻው የቀይ ጊደር አመድ ስለሌለ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው፣ ኮሄኑም ጭምር፣ እንደረከሰ ይቆጠራል። ቢሆንም «አንዴ ረክሰሃልና ጨምርበት» አይባልም፤ ክልከላው ጸንቷል። የሰው ሕይወት ለማዳን ሲሆን ግን ወዲያው ይነሳል።

«የኮሄን ሴት ልጆችም ይከለከላሉ።» አይከለከሉም፤ ትእዛዙ ለወንዶቹ ብቻ ነው።

«ለወላጁ ቀብር እንኳ አይቀርብም።» ይህ የሊቀ ካህናቱ ሕግ ነው። ተራው ኮሄን ለአባቱ፣ ለእናቱ፣ ለልጆቹ፣ ለሚስቱ፣ ለወንድሙና ላላገባች እህቱ አስከሬን ቀርቦ ይረክሳል። ወንድምና እህት የሚባሉት በአባት የሚገናኙት ናቸው፤ አያት፣ አጎትና ያገባች እህት የሉበትም። ብዙዎች ይህን እንደ ፈቃድ ያዩታል፤ ግዴታ ነው። ታልሙድ፣ የረቢዎቹ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ዮሴፍ ስለሚባል ካህን ይናገራል፦ ሚስቱ በፋሲካ ዋዜማ ብትሞትበት አልረክስም ቢል፣ ባልንጀሮቹ ካህናት በግድ አረከሱት። ቀባሪ ያጣ ሬሳ መንገድ ላይ ካገኘ ደግሞ ሊቀ ካህናቱም ራሱ ይቀብረዋል።

ግዴታው የሚዘልቀው ግን ቀብሩ እስኪፈጸም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ አባቱ መቃብር ልጠጋ ቢል በሌሎች መቃብሮች መካከል ማለፍ ይሆንበታል። ስለዚህ ብዙ የኮሄን ቤተሰቦች ሟቻቸውን መንገድ ዳር ያስቀብራሉ፤ ልጁ ርቀቱን ጠብቆ ከመንገዱ ላይ ይጸልያል።