«ባለድርሻ አካላትን ማስተዳደር» ምንድን ነው? ስብሰባ መጥራት ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ተሽከርካሪ ከፍሎ ስለሚያልፍበት መንገድ ሲጽፍ፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ስለተካሄደ የባለድርሻዎች ጉዳይ ተጠናቋል አለ። ደሜን የሚያፈላው ይህች አባባል ናት።

ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። «ባለድርሻ» ሲባል አክሲዮን የገዛ ሰው ይመስላል። በመንግሥትና የግል አጋርነት ሥራ (መንግሥት እንደ መንገድና ውኃ ያለውን አገልግሎት በረጅም ጊዜ ውል ለግል ኩባንያ ሲሰጥ) ግን ፕሮጀክቱ የሚነካው ወይም ፕሮጀክቱን ማስቆም የሚችል ሁሉ ባለድርሻ ነው፤ ሰባራ ሳንቲም ባያወጣም።

አውቶቡስ እናስብ። ባለንብረቱ መንግሥት፣ ሾፌሩ ኩባንያው ነው። ረዳቱ መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ዋጋ ቢናገር ጩኸት ይነሳል። «ቆይ ግንዛቤ ላስጨብጣችሁ» ቢል ደግሞ ይብስበታል። ተሳፋሪው ዋጋው አልተዋጠለትም እንጂ ገብቶታል! ሾፌሩ ልቀንስ ቢልስ? ለአውቶቡሱ ያበደረ ባንክ አለ። ባንኩ መድረክ ላይ አይታይም፤ ግን ሾፌሩ ካቃተው ሌላ ሾፌር የማስገባት መብት ብዙ ጊዜ በውል ይዟል። አጥሩ ለመንገዱ የሚፈርስበት ሰውዬ ደግሞ ትኬት እንኳ አልቆረጠም። (መንግሥት ራሱ በየዓመቱ በሚከፍልባቸው ፕሮጀክቶች ምሳሌዬ ያነክሳል። እዚያ ሂሳቡ የግብር ከፋዩ ነው፤ መሳፈሩንም ላያውቅ ይችላል።)

የቦሊቪያዋን ኮቻባምባ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 የከተማዋ ውኃ በ40 ዓመት ኮንሴሽን፣ ማለትም አገልግሎቱን እያስተዳደሩ ከተጠቃሚው በሚያስከፍሉበት ውል፣ ለኩባንያዎች ጥምረት ተሰጠ። ታሪፉ ብዙም ሳይቆይ ጨመረ፤ ገና ጠብታ ውኃ ያልሰጠ የግድብ ፕሮጀክት ወጪም ነበረበት። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን የሚይዘኝ ግን የጉድጓዶቹ ነገር ነው። የከተማዋ ዳር ነዋሪዎች በገንዘባቸውና በጉልበታቸው ቆፍረው፣ ኮሚቴ አቋቁመው ውኃ ያከፋፍሉ ነበር። የውኃ ድርጅቱ ደንበኞች አልነበሩም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከባለድርሻ ዝርዝር ላይ ለመረሳት ቅርብ ነው። ውሉ ለኩባንያው ብቸኛ የማቅረብ መብት ስለሰጠ ግን የገዛ ጉድጓዳቸውን እንዳያጡ ሰጉ። አደባባይ ከወጡት መካከል እነሱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2000 ውሉ ፈረሰ።

ሥራው እንግዲህ ይህ ነው፦ ማን ምን እንደሚያጣ፣ የትኛውን ስጋት ማን እንደሚሸከም ውሉ ሳይፈረም መለየት፣ ከዚያም ውሉን በዚያ ልክ ማዘጋጀት። ፊርማው ካረፈና የብድሩ ስምምነት ከተጠናቀቀ በኋላ ክፍያ ማስቀረት ኩባንያውን መካስ ማለት ነው። የስኮትላንዱ ስካይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1995 ተከፈተ፤ ነዋሪዎች አንከፍልም ብለው ዓመታት ተሟገቱ። ክፍያው በ2004 የቀረው መንግሥት ውሉን በ27 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዝቶ ነው። የመሬት ማስለቀቁም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ግዴታ ስለሆነ፣ ሰውዬው ከአጥሩ አልነሳም ባለ ቁጥር ኩባንያው የመዘግየት ካሳ ይጠይቃል።

አንድ ጊዜ አንድ ፕሮጀክት ላይ፣ ከምክክሩ በኋላ የትኛው አንቀጽ እንደተቀየረ ጠየቅሁ። አራት ገጽ የተሰብሳቢዎች ፊርማ አመጡልኝ። የታሪፍ አንቀጹን ገልጬ አየሁት። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የነበረው የፊደል ግድፈት እንኳ አልተነካም።