ሳጥኑ ሲፒዩ አይደለም፦ ስለ ለየት ያሉ ኮምፒውተሮች የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ዘመዴ ከዓመታት በፊት አሜሪካ ላለችው እህቱ ደውሎ «ሲፒዩ ላኪልኝ» አላት። ሁለት ወር ጠበቀ። በመጨረሻ በሰው እጅ የመጣለት ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ስስ ነገር ናት። «ቀለደችብኝ» ብሎ ተቆጣ። እህቱ ግን የተባለችውን ነው የላከችው። እኛ አገር ቢሮውም፣ ኢንተርኔት ካፌውም፣ አንዳንዴ ጠጋኙም ትልቁን ሳጥን «ሲፒዩ» ይለዋል። ሲፒዩ ግን ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያገናኘው ዋና ሰሌዳ) ላይ የሚገጠመው፣ ሒሳቡን የሚሠራው ቺፕ ነው። ሳጥኑ ልብስ ነው።

ይህ ከገባን ሰዎች ኮምፒውተርን ጀሪካን ውስጥ፣ እንጨት ውስጥ፣ ባስ ሲልም ዓሣ ገንዳ ውስጥ መክተታቸው ብዙም አይገርመንም። እኔ እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮችን ፎቶ ለሰው ማሳየት እወዳለሁ። የሚመጣልኝ መልስ ደግሞ ሁሌም ተመሳሳይ ነው።

«ያለ ሳጥን እኮ አይሠራም»

ይሠራል። ማዘርቦርዱን ደረቅ ካርቶን ላይ ታስቀምጣለህ። ገመዶቹን ትሰካለህ። የማብሪያውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ታገናኛለህ፤ ተነሳ። ጠጋኞች ለሙከራ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። የአፕል ኩባንያ የመጀመሪያ ኮምፒውተር፣ አፕል 1፣ ራሱ በ1976 በ666.66 ዶላር ሲሸጥ ቦርድ ብቻ ነበር። ሳጥን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ የለው። የተሠራው 200 ገደማ ነው። አንዳንድ ገዢዎች በገዛ እጃቸው ከእንጨት ሳጥን ሠሩለት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማዘርቦርዱ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ብርማ ላስቲክ ብዙዎች እንደ ምንጣፍ ይጠቀሙበታል። ላስቲኩ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ካርቶኑ ይሻላል።

«የሀብታም ጨዋታ ነው»

የመስታወት ሳጥንና ውሃ የሚዞርባቸው ቱቦዎች ካየን፣ አዎ፣ ውድ ነው። ግን ከታወቁት ልዩ ሳጥኖች ብዙዎቹ የተወለዱት ከገንዘብ እጥረት ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1996 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እያሉ የኢንተርኔት ፍለጋ ሥራቸውን መረጃ የሚያስቀምጡባቸው አሥር ሃርድ ዲስኮች ነበሯቸው፤ እያንዳንዱ 4 ጊጋባይት። ማቀፊያውን የሠሩት ከልጆች መጫወቻ፣ ከባለቀለም የፕላስቲክ ጡቦች ነው። በኋላ ጉግል የሆነው ያ ነው። ጠቅላላ 40 ጊጋባይት፤ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ያስከነዳዋል።

እኔ በጣም የምወደው ግን «ጄሪ» የሚባለውን ነው። በ2011 ፓሪስ ውስጥ የዲዛይን ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ከተጣሉ ኮምፒውተሮች የሚሠራውን ዕቃ እየለቀሙ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ገጠሙት። ሐሳቡ ወደ ቶጎና ወደ ኮትዲቯር ተሻገረ፤ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ያለው ዎላብ የተባለ የቴክኖሎጂ ማዕከልም ተቀበለው። ጀሪካን ርካሽ ነው፣ በየቤቱ አለ፣ በቢላ ይቆረጣል፣ መያዣም አለው። (ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ለኮምፒውተር የሚተርፍ ጀሪካን መገኘቱን እንጃ።)

ልዩ ዕቃም አያስፈልግም። ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ 17 በ17 ሳንቲሜትር ነው፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹም ቦታ በየትኛውም ኩባንያ ሥራ አንድ ነው። ቺፑ የሚገባበት ሶኬት ግን እንዲህ አይደለም፤ በየትውልዱ ይለያያል። የዘመዴ ሲፒዩ እስካሁን ልኳ የሆነ ማዘርቦርድ ሳታገኝ መሳቢያ ውስጥ ናት።

«እንጨት ከሆነ እሳት ይነሳል»

የኮምፒውተር ቺፕ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልሆነለትም ይጠፋል። እንጨት ለመቀጣጠል ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ሙቀቱን የሚያወጣው ደግሞ አየር ነው፤ የሳጥኑ ግድግዳ ድርሻ ትንሽ ነው። መግቢያና መውጫ ቀዳዳ በወጉ ያበጀ አናጺ ሳጥኑን ቢሠራ አልሰጋም። ፍራክታል ዲዛይን የተባለው ሳጥን አምራች በ2022 ፊቱ እንጨት የሆነ ሳጥን ለገበያ አውጥቷል።

«ፈሳሽ ከነካው አለቀለት»

ውሃ ከሆነ፣ ልክ ነው። ሚኒራል ኦይል (ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ ዘይት) ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ኮምፒውተር ሠሪ ፑጌት ሲስተምስ በ2007 ማዘርቦርዱን ከነፋኑ በዚህ ዘይት በተሞላ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አሠራው። ነገሩ ከዚያም በፊት የታወቀ ነው፦ በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ሱፐርኮምፒውተር ሰርኪቶቹ ፍሎሪነርት በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍቀው ነበር የሚሠሩት።

እንግዲህ ዘይት ገዝታችሁ ከመሮጣችሁ በፊት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ መተንፈሻ ቀዳዳ ስላለው ዘይቱ ውስጥ አይገባም። የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ እየቆየ ይሸታል፣ ይወፍራል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ሁሉ ገመዶቹ ዘይቱን እየሳቡ ወደ ላይ ያወጡታል። ጠረጴዛው ቅባት በቅባት ይሆናል። አንድ ሜሞሪ ለመቀየር እስከ ክርን መዘፈቅ ነው። ለማየት ደስ ይላል፤ ቤቴ ግን አላስገባውም።

«ቅርጹ ለታይታ ነው»

አንዳንዴ። የክሬይ 2ን ታላቅ፣ ክሬይ 1ን፣ ግን ተመልከቱ። በ1976 አሜሪካ ሎስ አላሞስ ወዳለው ቤተ ሙከራ ሲገባ ክብ፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ማማ ነበር፤ ዙሪያውን ደግሞ መቀመጫ አለው። ሆቴል ውስጥ የሚቀመጥ ሶፋ ይመስላል። ክብ የሆነው ገመዶቹ እንዲያጥሩ ነው። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚጓዘው 30 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ገመድ ውስጥ ያለ ምልክት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ገመድ ሲረዝም ማሽኑ ይዘገያል። ከ1.2 ሜትር ያህል የሚረዝም ገመድ አልተጠቀሙም። መቀመጫው ሥር የነበሩት ደግሞ ፓወር ሰፕላዮቹ ናቸው።

ተቃራኒው የ2013ቱ የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ ፕሮ፣ ነው። የሚያምር ጥቁር ሲሊንደር፣ አንድ ፋን፣ ሁሉም ቺፖች የሚጋሩት አንድ ማቀዝቀዣ። በኋላ ምስል የሚሠሩት ግራፊክስ ካርዶች ሲገዝፉና ሙቀታቸው ሲጨምር ያ ቅርጽ ቦታ አልነበረውም። አፕል ራሱ በ2017 ይህን አምኗል።

«መብራቱ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፋን በበዛ ቁጥር ይቀዘቅዛል»

ባጃጅ መብራት ስለተንቆጠቆጠበት አይፈጥንም። ፋኖቹ ደግሞ አየሩን አንዱ ለሌላው ከመለሱት ብዛታቸው ጩኸት ብቻ ነው። እንደኛ አቧራ ባለበት አገር የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ትንሽ ቢበልጡና ማጣሪያ ቢኖራቸው ጥሩ ነው፤ ያኔ አየሩ በየስንጥቁ ሳይሆን በማጣሪያው በኩል ይገባል።

«ብረት ስለሆነ ነው የሚነዝረኝ፤ እንጨት ባደርገው ይተወኛል»

ይህችን የምፈራት ናት። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚይዙ ትንንሽ ዕቃዎች) አሉ፤ ከብረት አካሉ ጋር ይገናኛሉ። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው ያ ትንሽ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ መሄጃ ሲያጣ በአንተ በኩል ያልፋል። እንጨት ብታለብሰው አይሰማህም እንጂ አይጠፋም፤ ፍላሽ ስትሰካ የዩኤስቢውን ብረት ስትነካ ይጠብቅሃል። መድኃኒቱ ያለው ግድግዳው ላይ፣ ሶኬቱ ጋ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። ፓወር ሰፕላዩን ግን ለማንኛውም ዓይነት ጌጥ ብላችሁ እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ።