ስለ ወንድ ልጆቻችን ቆለጥ የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

ልጄን ሳፋ ውስጥ እያጠብኩት ነው ያስተዋልኩት፣ የግራው ከረጢት ባዶ ነው፣ በጣቴ ዳሰስ ባደርገው ምንም የለም። ያኔ 5 ወሩ ነበር። ለአማቴ ብነግራቸው "ተይው ልጄ፣ ሲያድግ ራሱ ይወርዳል" አሉኝ፣ እኔም መስማት የምፈልገው እሱን ነበርና ዝም አልኩ፣ ለ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ስወስደው ነው ነርሷ አይታ ሪፈር የጻፈችልኝ። ከዛ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ሲያድግ ራሱ ይወርዳል" የሚባለው እስከ 6 ወሩ ድረስ እውነት ነው። በቀናቸው ከተወለዱ 100 ወንዶች 3 ገደማ የሚሆኑት አንዱ ወይ ሁለቱም ሳይወርድ ይወለዳሉ፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱት ላይ ደግሞ በጣም ይበዛል፣ ለብዙዎቹም በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱ ይወርዳል። 6 ወር ካለፈ ግን የመውረድ እድሉ ትንሽ ስለሆነ ኦፕራሲዮኑ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሰራ ነው የሚመከረው። ምን አስቸኮለ ካላችሁ ቆለጥ ውጭ የተንጠለጠለው ከሰውነት ሙቀት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ ነው፣ ሆድ ውስጥ ወይ ብሽሽት ላይ ሲቆይ ዘር የሚያመርተው ክፍል ይጎዳል፣ ወደፊት የካንሰር እድሉም ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። ብርድ ሲነካው ወይ በቀዝቃዛ እጅ ስትነኩት ወደ ላይ ሽሽት የሚል ደግሞ አለ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ተመልሶ ከወረደ እሱ ሌላ ነው፣ በየዓመቱ ሐኪም ይየው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን አይፈልግም።

ሁለተኛው፣ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ፣ ልጅ ቆለጡን ሲያመው "ተመቶ ነው፣ እስኪነጋ ይቻለው" የሚባለው ነው። የጎረቤታችን ልጅ 14 ዓመቱ ነው፣ ማንም አልመታውም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ህመም ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው፣ አፍሮ ለእናቱ "ሆዴን" አላት፣ አስመለሰው፣ እሷም ምግብ መስሏት ዝንጅብል አፍልታ ሰጠችው። ጠዋት እግሩን አንፈርክኮ ሲራመድ ነው የገባት፣ ሆስፒታል ሲደርሱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ ቆለጡ ተጠማዞ ደም ቆሞበት ስለነበር አንዱን አወጡት። ይሄ ነገር የሚጠብቀው ህመሙ ከጀመረ ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ በየሰዓቱ የመዳን እድሉ እየወረደ ይሄዳል። ድንገት የመጣ ከባድ ህመም፣ ማስመለስ፣ አንዱ ፍሬ ወደ ላይ ተሰቅሎ መታየት፣ ይሄን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ታክሲ ፈልጉና ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ኦፕራሲዮን ሊገባ ስለሚችል የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። ሆዴን የሚል ወንድ ልጅ ሁሉ "ታች ያምሃል ወይ?" ተብሎ ይጠየቅ፣ እባካችሁ።

"ወጌሻ ያሸዋል" የሚባለውንም ሰምቻለሁ። በፍጹም አይታሽም፣ የተጠማዘዘውን ያባብሳል፣ ሰዓቱንም ይበላል።

"እብጠት ሁሉ ቡአ ነው፣ ብርድ መቶት ነው"። ብርድ የለበትም። የህጻን ከረጢት ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል፣ አያመውም፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 1 ወይ 2 ዓመቱ ራሱ ይጠፋል። ሲያለቅስ ወይ ሲያምጥ ብሽሽቱ ላይ ወጣ ብሎ ሲተኛ የሚገባው ግን አንጀት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ራሱ አይድንም፣ መሰራት አለበት። ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ከቀላ፣ ልጁ ካስመለሰው ቀጠሮ አትጠብቁ።

"ጆሮ ደግፍ ከያዘው መሀን ይሆናል"። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ላይ ወደ ቆለጥ መውረዱ ብርቅ ነው፣ ከዛ በኋላ ቢወርድም ጭራሽ መሀን የሚያደርገው ጥቂቱን ነው። "አንድ ፍሬ ያለው አይወልድም" የሚሉትም ልክ አይደለም፣ ጤነኛ ከሆነ አንዱ ይበቃል። አንዱ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ማለቱም ተፈጥሮ ነው፣ አትደንግጡ።

የኔ ልጅ በ13 ወሩ ተሰራ፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። አሁን 4 ዓመቱ ነው፣ ብሽሽቱ ላይ ያለችው ጠባሳ ፈልገሽ ካልሆነ አትታይም። ባለፈው ሳምንት ከጨዋታ ሮጦ መጥቶ "እማዬ ቆለጤን በላኝ" አለኝ እንግዳ ፊት፣ አማቴ አፋቸውን በነጠላ ያዙ፣ እኔ ግን ጓዳ ወስጄ አየሁለት፣ የሙቀት ሽፍታ ነበር።