ከርብ ምንድን ነው? የግቢ ንጣፍ ጠርዙ ለምን ይታሰራል?

ከበሩ እስከ ቤቱ ደረጃ ያለችውን መንገድ ሚያዝያ ላይ የሲሚንቶ ታይልስ አስነጠፍኳት። አማረች። ነሐሴ ላይ ዳር ዳር ያሉት ታይሎች ወደ ጎመኑ መደብ ዘመም ማለት ጀመሩ። መስከረም ሲጠባ መሃሏ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፣ በክፍተቱ ደግሞ ሳር። ለሰራው ልጅ ደወልኩ። «መሬቱ ነው ጋሼ» አለኝ። መሬቱም አለበት። ዋናው ነገር ግን ከርብ አለመኖሩ ነው፤ ለዚያውም ልጁ «ከርብ ይግባ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ጌጥ ነው፣ ይቅር» ያልኩት እኔው ነኝ።

ከርብ ማለት በንጣፍ ግራና ቀኝ ተቀብሮ የሚቆም ጠርዝ ነው። ከኮንክሪት ተመርቶ የሚሸጠውን ግንበኞች ከርብ ስቶን ይሉታል። የተጠረበ ድንጋይም ያንኑ ስራ ይሰራል። ብሎኬት በቁሙ የሚቀብሩም አሉ፣ ግን ሆዱ ክፍት ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፣ አልመክርም። ከላይ የሚታየው ትንሽ ነው፤ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ነው፣ ለዚህም ይመስለኛል ሰው ጌጥ ነው ብሎ የሚያልፈው።

የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጠፍሩ ምንም ጠንካራ ቢሆን የጎኑ እንጨት ከላላ ተኚው መሬት ይነካል። ንጣፍ ላይ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ጠርዙ አይጎተትም፣ ይገፋል። ታይሉ አሸዋ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልተጣበቀም። ስትረግጡት ጎረቤቱን ገፋ ያደርጋል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን፣ እንዲህ እያለ ግፊቱ ዳር ላይ ያለው ታይል ጋ ይደርሳል፣ እሱ ደግሞ ከጀርባው የሚይዘው ከሌለ ይሄዳል። እሱ በሄደ ቁጥር መሃሉ ይላላል። ዝናቡም ከስር ያለውን አሸዋ በዳር በኩል ጠርጎ ያወጣዋል። ማየት ከፈለጋችሁ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ሰፈር ሂዱና ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ከርቡ ሳይመለስ የቀረበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ጀምሮ ያለው ድንጋይ እንደ ወላቃ ጥርስ ነው።

አተካከሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ስሩ ላይ ነው። ከርቡን ለስላሳ አፈር ላይ አቁሞ ጎኑ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ለጥፎ መሄድ የተለመደ ነው፣ ያ ግን በአንድ ክረምት ይሰነጠቃል። ቁፋሮውን ከንጣፉ ስፋት በየጎኑ 20 ሳንቲ ያህል አስፉት። ለእግር መንገድ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት የሙሌት አፈር) ሙሉና ውሃ እየረጫችሁ ጠቅጥቁት። ከርቡ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ከስሩ ኮንክሪት ተደርጎለት። ከዚያ በውጭው ጎን ኮንክሪት እንደ ሽብልቅ ይደገፋል፣ የከርቡን ቁመት ግማሽ እስኪያልፍ። በውስጥ በኩል አይደለም። ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ድጋፉም ከውጭ ነው። የድጋፉን አናት ከመሬቱ 5 ሳንቲ ዝቅ ካደረጋችሁት አፈር ትመልሱበታላችሁ፣ ሳሩም ከርቡ ድረስ ይበቅላል። 1 ሲሚንቶ፣ 3 አሸዋ፣ 6 ጠጠር ይበቃዋል፣ ውሃው ጥቂት ሆኖ፣ በእጅ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ ድርቅ ያለ።

የኔ ግቢ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል ይወርዳል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ከርብ ብቻውን አያድናችሁም። ጥቁሩን አፈር አቅማችሁ የፈቀደውን ያህል አውጥታችሁ በገረጋንቲ ተኩት። ኪስ የሚጎዳውም ይሄ ነው፣ የከርቡ ዋጋ አይደለም።

ሳትቆፍሩ በፊት አንድ ረድፍ ታይል መሬት ላይ ደርድራችሁ ለኩ። ባለ 20 ሳንቲ ታይል ስድስቱ 1 ሜትር ከ20 ይመስላል፣ ግን በየመካከሉ ያለው የ3 ሚሊ ክፍተት ሲደመር 1 ሳንቲ ተኩል ያህል ይጨምራል። ከርቡ ልክ 1 ሜትር ከ20 ላይ ከቆመ የመጨረሻውን ረድፍ በሙሉ በግራይንደር መቁረጥ ነው፣ አቧራውን እየበሉ።

ከፍታውን በሲባጎና በውሃ ልክ ያዙ። ንጣፉ ወደ አንድ ጎን በሜትር 2 ሳንቲ ይዘቅዝቅ። ውሃው በሚወርድበት ጎን የከርቡ አናት ከታይሉ ግማሽ ሳንቲ ዝቅ ይበል፣ አለበለዚያ የሰራችሁት ገንዳ ነው።

ከርቡ ከቆመ በኋላ አትቸኩሉ። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ታይሉን በማሽን ከጠቀጠቃችሁት ንዝረቱ ራሱ ከርቡን ገፍቶ ያስወጣዋል። ጆንያ አልብሳችሁ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስነግራት ሳቀች። እነሱ ጋ ለቤት ስራ በብዛት የሚገዛው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ጠርዝ ነው፤ ታይሉ ከተነጠፈ በኋላ ይጠጋና በየ30 ሳንቲው 25 ሳንቲ በሚሆን ረጅም ሚስማር መሬት ላይ ይቸነከራል። በብርድ ወራት መሬት ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ፕላስቲኩ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ስስ ኮንክሪት ግን ይሰነጠቃል። እሱም ቢሆን የተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ካልተቸነከረ ሚስማሩ ይነቀላል።

እኔ ኅዳር ላይ ሁሉንም አነሳሁት። ታይሎቹ ደህና ነበሩ፣ አንድም አልጣልኩ። ልጁን መልሼ ጠራሁት፣ ከርቡን በሁለት ቀን ተከለ፣ ከሳምንት በኋላ ታይሉን በግማሽ ቀን መለሰው። ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ነስንሶ በመጥረጊያ ክፍተቱ ውስጥ ማስገባቱን ልጆቼ ሰሩት። ከጎመኑ ግን ዳር ያለው አንዱ መስመር ኮንክሪት ስር ቀረ፣ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።