የመጀመሪያዋ ፊደል፦ የጃፓን ዘፈኖች ከካሩታ ምንጣፍ እስከ ካራኦኬ ክፍል

ሰው በተቀዳ ሙዚቃ ታጅቦ በሚዘፍንባቸው የጃፓን ካራኦኬ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ለብዙ ዓመታት የስልክ ማውጫ የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ አይጠፋም ነበር። ዘፈኖቹ አንዴ በአርዕስታቸው፣ አንዴ በዘፋኞቻቸው ስም ይደረደሩበታል፤ በሁለቱም በኩል ተራቸውን የሚወስነው የመጀመሪያ ፊደላቸው ነው። ከአርዕስቱ ጎን ማሽኑ ላይ የሚነካው ቁጥርና የዘፈኑ መነሻ ሁለት ሦስት ቃል ይታተማሉ። ዛሬ መጽሐፉን በጣት የሚነካ ስክሪን ተክቶታል፤ ልማዱ ግን ያው ነው። «ሳ»ን ሲነኩ በ«ሳ» የሚጀምሩት ሁሉ ይዘረገፋሉ።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የጃፓን ካና እንደ እኛው ፊደል አናባቢና ተነባቢውን በአንድ ምልክት ይዞ የሚሄድ ጽሕፈት ነው። ገበታው «ጎጁዮን»፣ ማለትም ሃምሳ ድምፆች ይባላል፦ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ብሎ ይነሳና ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይወርዳል። ከሰባቱ ቤቶቻችን ግዕዝ የለውም፤ ሳድስም ለብቻዋ ከምትቆመው «ን» በቀር የለውም። ስሙ ሃምሳ ይበል እንጂ ዛሬ የሚሠራባቸው መሠረታዊ ፊደላት 46 ናቸው። ድርድሩ የመጣው ሳንስክሪት ካጠኑ የቡድሂስት ሊቃውንት ነው።

ዘፈንን በመነሻ ፊደሉ መለየት ግን ከካራኦኬ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በጃፓንኛ «ኡታ» ዘፈንም ነው፣ ግጥምም ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔው ፉጂዋራ ኖ ቴይካ ከመቶ ባለቅኔዎች አንዳንድ ግጥም መርጦ እንዳሰባሰበ ይነገራል፤ ስብስቡ «ሃኩኒን ኢሹ» ይባላል። ግጥሞቹ አርዕስት ስለሌላቸው የሚጠሩት በመነሻ ቃላቸው ነው። በኋላ ካርታ ላይ ተጽፈው መጫወቻ ሆኑ። ጨዋታው «ካሩታ» ይባላል፤ ቃሉ ከፖርቱጋሎች የመጣ ነውና ከእኛው «ካርታ» ጋር ዘሩ አንድ ነው።

በውድድር ሁለት ተጫዋቾች በታታሚ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ይንበረከካሉ። ከመቶው ካርታ 50ው ተወስዶ በየፊታቸው 25 25 ይነጠፋል። ካርታው ላይ ያለው የግጥሙ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ቦታ ለመሸምደድ 15 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ከዚያ አንባቢው የግጥሙን መጀመሪያ በዜማ ያወጣል፤ ተጫዋቹም መጨረሻውን የያዘውን ካርታ ከባላንጣው ቀድሞ በእጁ ይመታል። ካርታው ተስፈንጥሮ ከምንጣፉ ርቆ ሲወድቅ ማየት የተለመደ ነው።

«ሙ» ከተባለ ጉዳዩ አለቀ፤ በ«ሙ» የሚጀምር ግጥም አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሰባት ፊደላት ሲኖሩ፣ ተጫዋቾች «ሙ ሱ ሜ ፉ ሳ ሆ ሴ» ብለው እንደ አንድ ቃል ይሸመድዷቸዋል። በ«አ» የሚጀምሩት ግን 16 ስለሆኑ «አ» የሰማ ሰው እጁን ይዞ ቀጣዩን ድምፅ ይጠብቃል። አንዱን ግጥም ከሌሎቹ ለመለየት የሚበቃው የፊደል ርዝመት «ኪማሪጂ» ይባላል፤ ቁርጡን የሚያሳውቅ ፊደል እንደማለት ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ይደርሳል። «አሳቦራኬ» ብለው የሚነሱ ሁለት ግጥሞች አሉ፤ አምስት ፊደል አብረው ተጉዘው በስድስተኛው አንዱ ወደ «አ»፣ ሌላው ወደ «ኡ» ይታጠፋል። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ከተነበበ ግን ለቀረው «አሳቦ» ሲባል ይበቃል። ስለዚህ የጨዋታው ጥበብ ያለፈውን እያስታወሱ የቀረውን ማሳጠር ነው፤ ፈጣን እጅ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ያልተነጠፉት 50 ግጥሞችም ይነበባሉ። እነሱ «ካራፉዳ»፣ ባዶ ካርታ ይባላሉ፤ በእነሱ ተታሎ ካርታ የነካ ይቀጣል።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1904 በጋዜጠኛው ኩሮይዋ ሩይኮ አነሳሽነት ቶኪዮ ላይ ተካሄደ። ዛሬ የበላይነት ግጥሚያዎቹ በየጥር ወሩ በሺጋ ግዛት፣ ኦትሱ ከተማ በሚገኘው የኦሚ ቤተ መቅደስ ይካሄዳሉ። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው፤ በቤተ መቅደሱ የሚዘከረው ንጉሠ ነገሥት ተንጂ ከመቶው የመጀመሪያው ግጥም ባለቤት ነው።

በካራፉዳ ውስጥ ያለችው «ካራ» በካራኦኬም አለች፤ ካራኦኬ ማለት ድምፃዊ የሌለው፣ ባዶ ኦርኬስትራ ነው። ኢኖኡዌ ዳይሱኬ በ1971 በኮቤ ከተማ ማሽኑን ለመጠጥ ቤቶች ማከራየት ጀመረ፤ የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም። በ1985 ደግሞ ኦካያማ ውስጥ የጭነት ኮንቴይነር ተለውጦ ከሌላው ሰው ተለይተው የሚዘፍኑበት ክፍል ሆነ። ወዳጆች ተሰብስበው በዘፈን አርዕስት መጫወት የሚመቻቸው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው።

ጨዋታው «ሺሪቶሪ» ይባላል፤ ጭራ መያዝ ማለት ነው። አንዱ ቃል በጨረሰበት ፊደል ሌላው ይጀምራል። ልጆች ብዙ ጊዜ በጨዋታው ስም በራሱ ይነሳሉ፦ ሺሪቶሪ፣ ሪንጎ (ፖም)፣ ጎሪራ (ጎሪላ)፣ ራፓ (መለከት)። በ«ን» የጨረሰ ተሸነፈ፤ በ«ን» የሚጀምር የጃፓንኛ ቃል የለምና። ይህን በአማርኛ መጫወት ይከብዳል። አብዛኛው ቃላችን በሳድስ ስለሚያልቅ ትምህርት፣ ትዕግሥት፣ ትዕቢት እያልን «ት» ላይ እንሽከረከራለን።

በካራኦኬ ክፍል ቃሉ የዘፈን አርዕስት ይሆናል፤ ተረኛውም የጠራውን ዘፈን ይዘፍነዋል። አንዱ የናካሺማ ሚካን የ2003 «ዩኪ ኖ ሃና» ከዘፈነ ለቀጣዩ «ና» ይደርሰዋል። እሱም «ናዳ ሶሶ»ን ያነሳል። ይህ ዘፈን አርዕስቱን ጽፎ ላየ ሰው ወጥመድ አለው፤ የመጀመሪያዋ የቻይና ምልክት በተለመደው ጃፓንኛ «ናሚዳ» (እንባ) ተብላ ስትነበብ እዚህ በኦኪናዋ አነጋገር «ናዳ» ትባላለች። «ሶሶ» በካና ሲጻፍ የሚያልቀው በ«ኡ» ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ተረኛ ሳካሞቶ ኪዩ በ1961 የተጫወተውን «ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮ»ን ይዞ ይነሳል፤ በ1963 በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው ዘፈን ነው።

ክፉ ተጫዋች «ሩ»ን ይወረውራል። ጥንታዊ የጃፓንኛ ቃላት በ«ራ»፣ «ሪ»፣ «ሩ» አይጀምሩም፤ ያሉት ከቻይና ወይም ከምዕራብ የገቡ ናቸው። የታኒሙራ ሺንጂ የ1980 «ሱባሩ» የተዘፈነለት ሰው ይጨነቃል። መውጫው ግን ቅርብ ነው፦ ቴራኦ አኪራ በ1981 ያወጣው «ሩቢ ኖ ዩቢዋ»። ከዚያም በ«ዋ» ኮያናጊ ሩሚኮ በ1971 የዘፈነችው «ዋታሺ ኖ ጆካማቺ» ይቀጥላል። ጥንታዊ የጃፓንኛ ቃል የፈጠረውን ችግር የውጭ ቃል ሲፈታው እጅግ ደስ ይለኛል። የዮኔዙ ኬንሺ የ2018 «ሬሞን» ግን፣ በካራኦኬ ቤቶች እጅግ ከተዘፈኑት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በ«ን» ስለሚያልቅ ለዚህ ጨዋታ አይሆንም።

በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለውን የዘመን ርቀት «ሳ» ታሳየናለች። በመቶው ግጥም በ«ሳ» የሚጀምር አንድ ብቻ ነው፦ መነኩሴው ርዮዘን ብቸኝነት ከብዶት ከጎጆው ወጥቶ ሲመለከት በየትም በኩል ያው የመከር ምሽት የሆነበት ግጥም። ዛሬ በካራኦኬ ስክሪን «ሳ» ሞልታ ትፈስሳለች፤ ምክንያቱም «ሳኩራ» ናት። የቼሪ አበባ የሚፈካው ጃፓኖች ከትምህርት ቤት በሚሰናበቱበትና አዲስ የትምህርት ዓመት በሚጀምሩበት ሰሞን ስለሆነ፣ የመለያየት ዘፈን የጻፈ ሁሉ ስሟን ይዋሳል። ሞሪያማ ናኦታሮ በ2003፣ ኬትሱሜይሺና ኮቡኩሮ በ2005፣ ኢኪሞኖጋካሪ በ2006 እያንዳንዳቸው «ሳኩራ» የተባለ ዘፈን አውጥተዋል። እዚህ ላይ ፊደሏ ብቻዋን አትበቃም፤ ዘፋኙን በስሙ መፈለግ ያስፈልጋል።