ቀናቸውን ጻፉልን

የየዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ የያዘው ስንክሳር ሲነበብ ደጋግመን የምንሰማት ሐረግ «በዚችም ቀን» የምትለዋ ናት። በዚችም ቀን እገሌ ሰማዕት ሆነ፤ በዚችም ቀን እገሊት አረፈች። ልጅ ሳለሁ እንደ መንደርደሪያ ብቻ ነበር የምሰማት። ሰይፉና እሳቱ እስኪመጣ በትዕግሥት እጠብቅ ነበር። አሁን ግን ሰማዕታት በቤተ ክርስቲያን መከበር የጀመሩት እንዴት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ መጀመሪያ የማሳየው ይህችኑ «ቀን» የምትለዋን ቃል ነው።

ነገሩን በደንብ የምናየው ሰምርኔስ ላይ ነው። ከተማዋ ዛሬ ኢዝሚር ትባላለች፤ ቱርክ ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በራእይ መጽሐፍ «እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን የሕይወትንም አክሊል እሰጥሃለሁ» የተባለላት ቤተ ክርስቲያን እርሷ ናት። በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኤጲስ ቆጶሷ ቅዱስ ፖሊካርፖስ ነበር። በሽምግልናው የሆነበትን ሁሉ የሰምርኔስ ምእመናን ራሳቸው ጽፈው ፊሎሜልዮን ለምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ልከዋል፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለ።

ወታደሮቹ ሌሊት መጡ። እርሱ ከገጠር ቤት ሰገነት ላይ ተኝቶ ነበር። ማምለጫ ጊዜ ነበረው፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» አለና ወርዶ አነጋገራቸው። ከዚያ ለያዦቹ ማዕድ እንዲቀርብላቸው አዘዘ፤ የፈለጉትን ያህል ይብሉ ይጠጡ አለ። ለራሱ የለመነው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ልጸልይበት ብሎ። ቆሞ ሁለት ሰዓት ጸለየ፤ ከወታደሮቹም ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ለመያዝ መምጣታቸው ቆጫቸው። በማግሥቱ አገረ ገዥው «ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ» ሲለው የመለሰለትን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ «86 ዓመት አገለገልሁት፤ አንዳች ክፉ አላደረገብኝም። ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድበዋለሁ?»

በእሳት እንዲቃጠል ተፈረደበት። በእሳቱ ላይ አልቆይም፤ ሁሉም ይተርከዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ከእሳቱ በኋላ ያለው ነው።

ምእመናኑ የአባታቸውን ሥጋ ሊወስዱ ፈለጉ። አንዳንዶች ግን ገዥው እንዳይሰጣቸው መከሩት፤ ምክንያታቸውም «የተሰቀለውን ትተው ይህን ሰው ማምለክ ይጀምራሉ» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ዛሬም በየመንገዱ የምንጠየቀው ይኸው ነው፤ ያኔ የጠየቁት ግን ያላመኑት ናቸው። የሰምርኔስ ሰዎች መልስ አጭር ናት፦ ክርስቶስን የእግዚአብሔር ልጅ ስለሆነ እናመልከዋለን፤ ሰማዕታትን ደግሞ የጌታ ደቀ መዛሙርትና እርሱን የመሰሉ ስለሆኑ እንወዳቸዋለን። በዚያ ዘመን ገና የተደራጀ የነገረ ቅዱሳን ትምህርት አልነበረም። ማምለክና መውደድ ግን ለየብቻ ተቀምጠዋል።

ከዚያ መቶ አለቃው እሳቱ ያልበላውን ሥጋ አቃጠለው። እነርሱም ዐፅሙን ለቅመው፣ ከከበረ ዕንቁ የሚበልጥ ከወርቅም የተፈተነ ነው ብለው፣ በሚገባ ስፍራ አኖሩት። ጌታ ቢፈቅድ በየዓመቱ በደስታ ተሰብስበን የሰማዕትነቱን የልደት ቀን እናከብራለን ብለውም ጻፉ። የሞተበትን ቀን ልደት አሉት! እዚያ ውስጥ ጉባኤ የለም፣ የጳጳሳት ውሳኔ የለም። አባቱን ያጣ ቤተሰብ ዐፅም ይሰበስባል፣ ቀን ይቆርጣል፤ ይኸው ነው። እኔ እንደማየው የቅዱሳን በዓል ሥሩ ሐዘን ቤት ነው።

ደብዳቤው ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይነግረናል፤ በታላቅ ሰንበት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። የሚገርመው ዓመቱ ነው። 155 ነው፣ 156 ነው፣ የለም ከዚያ በኋላ ነው እያሉ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። ቀኑ ግን በየዓመቱ ሰው ስለተሰበሰበበት አልጠፋም። ደብዳቤው የሚለው በሮማውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 23ን ነው። በጥንቱ አቆጣጠር ወደ እኛ ብትመልሱት የካቲት 29 ይሆናል፤ ስንክሳራችንም ፖሊካርፖስን የሚያስበው በየካቲት 29 ነው።

ይህ ማለት ግን የሞተ ሁሉ ይከበር ነበር ማለት አይደለም። በዚያው ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ ከፍርግያ የመጣ ኮይንጦስ የሚባል ሰው አለ። በገዛ ፈቃዱ ራሱን አሳልፎ የሰጠ፣ ሌሎችንም የገፋፋ ነው፤ አራዊቱን ሲያይ ፈራና ለጣዖት ሠዋ። ጸሐፊዎቹ አልሸፈኑለትም። ራሳቸውን የሚያቀርቡትን አናመሰግንም፣ ወንጌል እንዲህ አያስተምርምና ብለው አለፉ። ፖሊካርፖስ እኮ መጀመሪያ ተደብቆ ነበር።

በሰሜን አፍሪካ በካርታጎ ከተማ ደግሞ በ300ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ሉቂላ የምትባል ባለጸጋ ሴት ነበረች። ሥጋ ወደሙ ከመቀበሏ በፊት የአንድ ሰማዕት ነው የምትለውን ዐፅም ትስም ነበር። ሊቀ ዲያቆኑ ቄቂልያኖስ ገሠጻት፤ ሰውየው ሰማዕት እንኳ ቢሆን ገና በቤተ ክርስቲያን አልተረጋገጠምና። እርሷም ተቆጥታ ወጣች፤ በኋላ ቄቂልያኖስ ኤጲስ ቆጶስ ሲሆን ከተቃዋሚዎቹ ዋነኛዋ ሆነች፤ የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያንም ለሁለት ተከፈለች። አንድ ዐፅም ምን ያህል እንደሚያጣላ እዩ! ምእመኑ ይወድዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ትመረምራለች፤ ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ አብረው ነበሩ።

እዚያው ካርታጎ፣ ከዚህ 60 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ250 የሮም ንጉሥ ዳክዮስ ክርስቲያኖችን ለጣዖት እንዲሠዉ ሲያስገድድ ኤጲስ ቆጶሱ ቆጵርያኖስ ተሰውሮ ነበር። ከተሰወረበት ለካህናቱ ይጽፍላቸዋል። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ፣ በእስር ቤት የሚሞቱትን እንዲንከባከቡ ካዘዘ በኋላ፣ የሚያርፉባቸውንም ቀኖች ጻፉ፣ ከሰማዕታት መታሰቢያ ጋር እናስባቸው ዘንድ ይላል። እነዚህ ሰይፍ ያልነካቸው፣ በወህኒ ቤት ታመውና ተርበው የሞቱ ናቸው። ለእነርሱም ቀን ተጻፈላቸው። ራሱ ቆጵርያኖስ በ258 አንገቱን ተቀላ፤ በሮም በ354 በተዘጋጀ የሰማዕታት የቀን ዝርዝር ውስጥ የእርሱም ቀን አለ። የአፍሪካውን ቀን ሮም ያዘችው ማለት ነው። ቀን ከአገር ወደ አገር እንዲህ ነው የተሻገረው፤ እንደ ስንክሳር ያሉ መጻሕፍትም የተሠሩት ከእንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ነው።

ስለ ዝክርም አንድ ነገር ላንሣ። የሰሜን አፍሪካው መምህር የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ በአገሯ እንደለመደችው በጣሊያኗ ሚላኖም ገንፎ፣ ዳቦና ወይን ይዛ ወደ ሰማዕታት መቃብር ሄደች። በር ጠባቂው ከለከላት፤ ኤጲስ ቆጶሱ አምብሮስዮስ አግዷል አላት። ለሰካራሞች ምክንያት እንዳይሆን፣ የአሕዛብንም የሙት ድግስ እንዳይመስል ነበር። እርሷ አላጉረመረመችም። ከዚያ በኋላ በመሶቧ ፈንታ ጸሎት ይዛ መጣች፣ ምግቡንም ለድሆች ሰጠች። ልጇ በኋላ ኤጲስ ቆጶስ ሲሆን መሠዊያ የምናቆመው ለሰማዕታት አምላክ ነው እንጂ ለሰማዕታት አይደለም ብሎ አስተማረ። በቅዱሳን ስም ታቦት ሰይመን ለእግዚአብሔር የምንሠዋ እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

የእኛ ዝክር በሞኒካ መንገድ ሲሄድ ደስ ይለኛል፤ ነዳያን የሚቀመጡበት፣ ጸበል ጸዲቁ ለሁሉ የሚዳረስበት። ነገር ግን እኔ ራሴ ዓመታት ጽዋ በጠጣሁበት ማኅበር ገድሉ ተከፍቶ የተነበበባቸውን ቀኖች በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥራቸዋለሁ። የወሩን ቀን እናውቃለን፤ በዚያ ቀን ምን እንደሆነ ግን ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ሲጠይቀን ዓይናችንን ወደ ሳህኑ እንመልስ ነበር።

የካቲት 29 ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። በጾም ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነውና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አብዛኞቻችን ሳንበላ ሳንጠጣ ቤተ ክርስቲያን ቆመን እንገኛለን። የሰምርኔስ ሰዎች የጻፉት ሰዓት ያ ነው።