የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኮሮና ወቅት

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የከተማው ሰው ወሬውን በቴሌቪዥንና በፌስቡክ ሰማ፤ የተጠራጠረም ወደ ነፃው የስልክ መስመር 8335 ደወለ። ኔትወርክ እንደ ልብ በማይገኝበት ቀበሌ ግን ስለ በሽታው ለማስረዳት በር የምታንኳኳው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነበረች።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከዚያው ከአካባቢው ይመለመሉ ነበር። አንድ ዓመት ሠልጥነው ይመለሱና ጤና ኬላ ላይ ይመደቡ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆነው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላሉ። ክትባቱ፣ የቤተሰብ ዕቅዱ፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉ፣ የወባ ሕክምናው፣ የሽንት ቤቱ ጉዳይ ሳይቀር የእነሱ ሥራ ነው። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ወንዶችም ተመልምለዋል። በከተሞች ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ነርሶች ሠልጥነው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ባለሙያዎቹ በአገር ደረጃ ከ30,000 ይበልጣሉ።

ጤና ኬላ ገብቶ ላየ ሰው የቤተሰብ ማህደሮቹ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ማህደር አለው። የቤተሰቡ ስምና ዕድሜ፣ ማን እንዳረገዘች፣ የትኛው ልጅ እንደተከተበ፣ ሽንት ቤትና አጎበር መኖር አለመኖሩ ተጽፎበታል። ወረርሽኙ ሲመጣ አዛውንት ያሉበትን ቤት ለማወቅ አዲስ ምዝገባ አላስፈለገም። እኔ ከዕቃውም ከመመሪያውም በላይ የጠቀመው ይህ ነው እላለሁ። ባለሙያዋ ቤቱን ታውቃለች፤ ቤተሰቡም ልጁን የከተበችለትን ሰው ያምናል።

የኮሮናው ሥራ በነበረው ላይ ተደረበ። ትኩሳትና ሳል ያለበትን እየጠየቁ ለጤና ጣቢያ ያሳውቁ ነበር። ከሳዑዲና ከሌሎች አገሮች ተመልሰው ከለይቶ ማቆያ የወጡትን ይከታተሉ ነበር። እጅ መታጠብን ለማስተማር ቧንቧ በሌለበት ቤት ሃይላንድ ይበሳል፣ ውኃ ይሞላል፣ ደጃፍ ላይ ይንጠለጠላል። ክዳኑ ሲላላ ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ ሲጠብቅ ይቆማል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ለቅሶ ነበር። ሰው ሞቶ ጎረቤት አይሰብሰብ፣ አይተቃቀፍ ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ቦታ ከዕድር ዳኞችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሆነው መናገር ነበረባቸው።

ሌላው በሽታ ደግሞ አልጠበቀም። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በዚያው በወረርሽኙ መሐል፣ በአገር አቀፍ የኩፍኝ ዘመቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከተቡ። ርቀት እያስጠበቁ ሕፃን መከተብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ መገመት አያቅትም።

ዋጋውን መናገር ተገቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ማስክና ጓንት እጥረት ነበር። አንዳንዱ ቤተሰብ በሽታ ታመጣብናለች ብሎ በር ይዘጋ ነበር። ደመወዛቸው ከሚሸከሙት ሥራ ጋር አይመጣጠንም፤ ይህ ቅሬታ ከኮሮና በፊትም የነበረ ነው። በየሠፈሩ የሚያግዟቸው የሴቶች ልማት ቡድን አባላት ደግሞ ጭራሽ ደመወዝ የላቸውም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ፣ በኋላም በአማራና በአፋር፣ ጦርነቱ ብዙ ጤና ኬላዎችን አዘረፈ፣ አፈረሰ። ማህደሩም መድኃኒቱም የጠፋበት ቦታ አለ።

የኮሮና ክትባት ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ወደ ገጠር ሲወርድ ዘመቻውን ቤት ለቤት ያደረሱት እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ መርፌ የሚያበቃው የጆንሰን ክትባት ሥራውን አቀለለላቸው፤ ሩቅ መንደር ያለን ሰው ለሁለተኛ ዙር መልሶ ማግኘት ከባድ ነውና። ጤና ሚኒስቴር እስከ 2027 ዓ.ም. የሚዘልቅ የፕሮግራሙ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል፤ በእሱ መሠረት አንዳንድ ጤና ኬላዎች ነርስና አዋላጅ ተጨምሮላቸው ሰፊ አገልግሎት የሚሰጡ ይሆናሉ።